ከማጠቃለያው በኋላ ያሉ ገጾች

ሲስተር ደመቀች ገብረወልድ ልጅ ሳለች አባቷን በጥያቄ የምታሳፍር ነበረች። አቶ ገብረወልድ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። እሷም ከባንኮኒው ኋላ ቆማ፣ ጨው የሚገዛ ሰው በመጣ ቁጥር ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ለምን ወደ ግራ እንደሚያዘነብል ደንበኛው ፊት ትጠይቃቸው ነበር። ይህ ጠባይ አንድ ቀን ጣጣ ያመጣባታል እያሉ ይሰጉ ነበር። ነርስነት ተምራ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ግን ሐኪሞቹ የወደዱላት ይህንኑ ጠባይዋን ነው። መድኃኒት ስትሰጥ ጠርሙሱን ታነባለች፤ አንብባ ትቀዳለች፤ ቀድታ ደግሞ ታነባለች።

ጊዜው የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል የተቃረበበት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ለበዓሉ የሚታይ ሥራ ይፈለጋል። ቀበሌው አጥሩን ያስቀባል፣ ትምህርት ቤቱ ሰልፍ ይለማመዳል። ደመቀች የምትሠራበት ሆስፒታል ደግሞ ለበዓሉ ያቀረበው የዶክተር ጉሉማን ሐሳብ ነው።

ዶክተር ጉሉማ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ልጅ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ አዲስ አበባ ልቅር ቢል ዘመድ አያጣም ነበር፤ እሱ ግን ወዳደገበት ተመለሰ። ሐሳቡ የመጣለት ከካርድ ክፍሉ ነው። ለዓመታት የሚታከም ሰው ማኅደሩ እየወፈረ ይሄዳል። ከአርጆ ወይም ከጊምቢ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣ በሽተኛ ፊቱ ተቀምጦ፣ ኮሪደሩ በተራ ጠባቂ ተሞልቶ፣ ሐኪሙ ያን ሁሉ ወረቀት ማገላበጥ አይችልም። ስለዚህ የላይ የላዩን አይቶ በግምት ያክማል። ዶክተር ጉሉማ ይህን ግምት ይጠላው ነበር። እናም በእያንዳንዱ ወፍራም ማኅደር ፊት አንድ ጠንካራ ወረቀት እንዲታሰር አሰበ፤ በሽታው መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ምን እንዳልተስማማ ባጭሩ የሚጻፍበት። ስሙን «የታሪክ ማጠቃለያ» አለው። እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ መመሪያም ጽፎ በታይፕ አስመታ። ከጸደቀ በወለጋ ከተሞች ላሉ ክሊኒኮች ሁሉ የሚላክ ነው።

ረቂቁን ለደመቀች ሲሰጣት አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ስህተቱን ፈልጊልኝ» አላት። «ምስጋናውን ሌሎች ይሰጡኛል።»

ደመቀች በዚህ ኮራች። ብዙ ሐኪም ነርስን የሚጠራው ሊያዛት ነው፤ እሱ ግን የራሱን ሥራ አምጥቶ እንድትፈትነው ሰጣት። ረቂቁን ቤቷ ይዛ ሄዳ አላነበበችውም። ካርድ ክፍል ገብታ ተቀመጠችና ከዚያ በፊት ስለ ሕክምና ምንም እንዳልሰማች ሆና፣ መመሪያው ያለውን ብቻ ማድረግ ጀመረች። ያላለውን አታደርግም። ቀለል ያሉ ጉድለቶች ወዲያው ወጡ። የመድኃኒቱ ስም ይጻፍ ይላል፤ መጠኑ ይጻፍ አይልም። ከላይ ጻፍ ይላል፤ ከምኑ ላይ እንደሆነ አይናገርም። ጊዳ አያና ያለ የጤና ረዳት የማያውቃቸው የፈረንጅ ቃላት በየመስመሩ ተሰግስገዋል። ዶክተር ጉሉማ እያንዳንዱን እርማት እየሳቀ ተቀበለ፤ አንዳንዱን እንዲያውም «ይህንን እንዴት ጻፍኩት?» እያለ።

ነገሩ ደግሞ ይሠራ ነበር። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ማኅደራቸው እንደ ጡብ የወፈረ ነው። ማጠቃለያው ከፊቱ ከታሰረ በኋላ ዶክተር ጉሉማ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ ታሪካቸውን አንብቦ ጨርሶ፣ ስለ እግራቸው ቁስል መጠየቅ ጀመረ። ሽማግሌው ተደነቁ። ይህ ሐኪም አስታወሰኝ ብለው ለቤተሰቡ ሁሉ አወሩ። ደመቀች ይህን ስታይ መመሪያው በፍጥነት እንዲወጣ ከማንም ይበልጥ ፈለገች።

የመጨረሻው ፈተና ነቀምቴ አቅራቢያ ካለችው ከጉቴ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ሆነ። ማጠቃለያዎቹ እዚያ ለሙከራ ከተዘጋጁ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ክሊኒኳን የሚያስተዳድረው ኩማ የሚባል የጤና ረዳት ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ደመቀች በጠዋት ደርሳ፣ ዛሬ መመሪያው የሚልህን ብቻ አድርግ፣ ከራስህ አትጨምር፣ እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ አለችው። ኩማም እሺ አለ። በሩ ላይ የተሰለፉትን «አካም ቡልተን» እያለ ሰላምታ ሰጥቶ ሥራውን ጀመረ።

ሥራው ፈጠነ። ከዚያ በፊት እስከ ምሳ ሰዓት የሚጎተተው ሰልፍ ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ ሳሳ። ደመቀች በደስታ ማስታወሻዋን ትሞላ ነበር።

ድርቤ የምትባል ሴት ገባች። የልብ ሕመም አለባት፤ ልጅ ሳለች የጉሮሮ ቁስል ያመጣባት። እንዳይብስባት ለዓመታት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ስትወጋ ኖራለች። ባሏ ዋጋሪ ከበሩ ውጭ በቅሎውን ይዞ ይጠብቃታል። ኩማ ማኅደሯን አወጣ፣ ማጠቃለያውን አነበበ። «በየወሩ ፔኒሲሊን» ይላል። የማይስማማት መድኃኒት በሚለው ቦታ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። መመሪያው ደግሞ በግልጽ እንዲህ ይላል፦ ማጠቃለያ ያለውን በሽተኛ ማኅደር መክፈት አያስፈልግም። ኩማ አልከፈተም። ሲሪንጁን ሞላ። ድርቤ ክንዷን ገልጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደመቀች ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ማኅደር ያነሳችው ጠርጥራ አይደለም። እጇ ለምዶባት ነው፤ ወረቀት አጠገቧ ካለ ታነባለች። ከኋላው ገለጠችው። የመጨረሻው ገጽ ባለፈው ወር የተጻፈ ነው። ኩማ ለስብሰባ ነቀምቴ በሄደበት ቀን የተካችው ነርስ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች፦ መርፌው በተሰጣት በጥቂት ደቂቃ ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ በመከራ ተርፋለች፤ ሁለተኛ ፔኒሲሊን እንዳትወስድ፣ በሌላ ዓይነት እንክብል ይቀየርላት።

«ኩማ፣ ቆይ» አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ድርቤን ማስደንገጥ አልፈለገችም። «መርፌውን አስቀምጠው።»

ኩማ አስቀመጠው። ገጹን አሳየችው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ድርቤ ወዲያና ወዲህ አየቻቸውና ምን እንደሆነ ጠየቀች። ደመቀች በኦሮምኛ፣ ባለፈው ያሳበጠሽ መድኃኒት ይኸው ነበር፣ ዛሬ በእንክብል ይቀየርልሻል አለቻት። ለምን ዝም እንዳለች ስትጠይቃትም፣ ያኔ መድኃኒቱ ይቀየራል ስለተባልኩ ይህ የተቀየረው መስሎኝ ነው አለች። ከእነሱ በላይ እኔ ምን አውቃለሁ ብላ ክንዷን ሰጥታ ነበር። ስትወጣ የደመቀችን እጅ ይዛ «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነቻት።

ከሰዓት በኋላ ኩማ ሥራ መሥራት አልቻለም። እኔ ገዳይ ልሆን ነበር ይላል። ደመቀች አጠገቡ ተቀምጣ መመሪያውን ጣቷን እያሳረፈች አነበበችለት። የተባልከውን አንድም ሳታጎድል አድርገሃል አለችው። ነርሷም ማድረግ ያለባትን አድርጋለች፤ የሆነውን በቦታው ጽፋዋለች። ማጠቃለያው የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው፤ ትክክል ነበር፣ ግን አረጀ። ማርጀቱን የሚናገር ምንም ነገር የለበትም። ወረቀቱ ትናንት ይጻፍ ወይም ከዓመት በፊት፣ ለሚያነበው ሰው አንድ ነው።

ወደ ነቀምቴ ስትመለስ በመንገድ ሁሉ ያስጨነቃት ይህ ነበር። ኩማ ቢሳሳት መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሰው ይመከራል፣ ይማራል። እዚህ ግን ማንም አልተሳሳተም። ታማኝ ሠራተኛ በታማኝነቱ ሴት ሊገድል ነበር።

ዶክተር ጉሉማ ሲሰማ መጀመሪያ ከፋው። የጤና ረዳት የሆነ ሰው መርፌ ከመስጠቱ በፊት ይጠይቅ የለም እንዴ አለ። ደመቀች አልተከራከረችውም። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ማኅደር መክፈት አያስፈልግም የሚለውን መስመር አሳየችው። የራሱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ሰው እንዲፈጥን ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ።

«አውቃለሁ ዶክተር። ፈጥኗልም።»

ዶክተር ጉሉማ ወጥቶ ግቢውን ሲዞር በመስኮት አየችው። ሲመለስ ባዶ ወረቀት አምጥቶ ፊቷ አኖረና፣ የጎደለውን አንቺ ጻፊው አላት።

ችግሩ ግን ጊዜው ሆነ። መመሪያውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ተክለጻድቅ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ማጠቃለያው በክፍለ ሀገሩ ሁሉ ሥራ ላይ እንደሚውል ለበላዮቹ ቃል ገብቷል። ወረቀቱ ተፈቅዷል፣ የማባዣው ተራ ተይዟል። የቀረው የመርማሪ ባለሙያ፣ ማለትም የደመቀች፣ ፊርማ ነው፤ «ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የሚል መስመር ሥር። ጓድ ተክለጻድቅ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀድሞ መምህር የነበረ፣ ቤተሰቡ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ የሰው ስም የማይረሳ ሰው ነው። ደመቀችን አስጠርቶ በትሕትና አነጋገራት። አሁን ፈርሚ፣ ማሻሻያው ከበዓሉ በኋላ በደብዳቤ ይላካል አላት። በዚያው አፉ ወደ ቡልጋሪያ ለከፍተኛ ትምህርት ከሚላኩት መካከል ስሟ እንዳለ፣ ዝርዝሩ እሱ ዘንድ እንዳለም አስታወሳት። እሷም ላስብበት ብላ ወጣች።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ታስሮ ከርሞ ተፈትቷል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ መንግሥት ሲወራ ሬዲዮኑ ከፍ ይደረጋል። አቶ ገብረወልድ ተነስተው ከፍ አደረጉት። ፈርሚና ይለፍ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አትጋጪ አሉ። ለጉዞዋ ብለው ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ቡናማ ሻንጣ በዓይናቸው እያዩ፣ አንድ ወንድምሽ ይበቃናል አሉ። ከዚያ ለራሳቸው ሻይ ቀድተው ተቀመጡ።

«ሴትዮዋ ብትሞት ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፊርማሽ የት ነበር የሚሆነው?»

«ከታች፣ አባባ። ትክክል ነው ከሚለው ሥር።»

«እንዲህ ከሆነ አትፈርሚ።»

ደመቀች ከአባቷ ይህንን አልጠበቀችም። እሳቸውም ከራሳቸው የጠበቁት አይመስልም፤ የሻይ ብርጭቆውን አንስተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። በዚያች ሰዓት እንደ ኮራችባቸው ዕድሜዋን ሙሉ ኮርታባቸው አታውቅም።

አለመፈረሟ ሲታወቅ ስብሰባ ተጠራ። የሆስፒታሉ አዳራሽ በሠራተኛ ሞላ። ከፊት ባለው ጠረጴዛ ኮሚቴው ተቀምጧል። ጓድ ተክለጻድቅ ሥራ ማጓተት በእንዲህ ያለ ወቅት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰፊው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ተናገረ። የደመቀችን ስም አልጠራም፤ ስለ ማን እንደሚናገር ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ከዚያ መልስ እንድትሰጥ ዕድል ተሰጣት።

ተነሳች። መመሪያው ጥሩ መመሪያ ነው አለች። እኔ ራሴ ወድጄዋለሁ፣ ሰልፉን ሲያቀልል አይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ማጠቃለያው ከተጻፈ በኋላ ስለሚጻፉት ገጾች ምንም አይልም። የእነዚያን ገጾች ነገር ሳይናገር ትክክል ነው ብዬ ብፈርም ዋሽቻለሁ። ይህን ብላ ተቀመጠች።

ከኮሚቴው አንዱ፣ ይህ የራስሽ ፈጠራ አለመሆኑን በምን እናውቃለን አላት። መልስ ልትሰጥ ስትል ከኋላ ወንበር ሰው ተነሳ። ኩማ ነው። ማንም አልጠራውም፤ ስብሰባውን ሰምቶ በራሱ ከጉቴ መጥቷል።

«መርፌውን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ። አማርኛው የተቆራረጠ ነው፤ ቃሉን እየመረጠ ቀጠለ። «መመሪያው ያለኝን አደረግሁ። ሲስተር ባትኖር ወግቻት ነበር። ይህ መመሪያ እንዳለ ከወጣ፣ ሲስተር በሌለችበት ክሊኒክ ሁሉ እንደ እኔ ያለ ሰው አለ።»

ይህን መናገር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በሽተኛ ልገድል ነበር ብሎ በሕዝብ ፊት የቆመ ሰው፣ ቃሉ ወደየት እንደሚዞርበት አያውቅም። ደመቀች ዘወር ብላ አየችው፤ ያ ዝምተኛ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ ዶክተር ጉሉማ ተነሳ። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋተኛ የሚፈለግ ከሆነ ከእኔ ይጀመር፤ ሲስተር ደመቀች ያደረገችው እኔ የለመንኳትን ነው አለ። ከዚያ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ተነሳች፤ ማኅደሮች በየቀኑ ገጽ እንደሚጨመርባቸው፣ ማጠቃለያውን ግን ማንም ሲያድስ እንዳላየች መሰከረች።

ጓድ ተክለጻድቅ እስክሪብቶውን እያገላበጠ ሰማቸው። ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል ሲል ጠየቀ። ዶክተር ጉሉማ ክረምቱን በሙሉ አለ። በዓሉ የሚውለው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። ሰብሳቢው ለአፍታ ጣሪያውን አየና፣ በሪፖርቱ ላይ በሙከራ ላይ ያለ ሥራ ተብሎ ይጻፋል አለ። የስብሰባውን ማኅደር ዘጋ። ስብሰባው በዚያው አበቃ። በሩ ላይ ሲተላለፉ ደመቀችን ሰላም አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ወደ ቡልጋሪያ የሚሄዱት ስም ሲለጠፍ የእሷ አልነበረበትም። ምክንያቱን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ያን ቀን ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤት ስትሄድ በዝናቡ ውስጥ አለቀሰች። ያለቀሰችው ተጸጽታ አይደለም፤ መሄድ ትፈልግ ስለነበረ ነው። አቶ ገብረወልድ ሻንጣውን ወደ ሱቁ መደርደሪያ ወሰዱት። ደንበኛ ዋጋውን ሲጠይቃቸው ግን «የተያዘ ነው» ይሉ ነበር።

ክረምቱ በቁጥር አለፈ። የማኅደሮቹ ገጾች ከዚያ በፊት ቁጥር ተሰጥቷቸው አያውቁም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ጣሪያው በዝናብ እየተደበደበ፣ ሥራ የፈታ ነርስና ረዳት ሁሉ እየተቀመጠ ገጽ በገጽ ቁጥር ጻፈ። ደመቀች ደግሞ የጎደለውን አንቀጽ ስትጽፍና ስትሰርዝ ከረመች። እንደጻፈችው ለኩማ ትልክለታለች፤ አውቀህ አጣመህ ተረዳው፣ ሰነፍ ሁን፣ ቸኩል ትለዋለች። እሱም አጣሞ ይረዳዋል። እንደገና ትጽፋለች። በመጨረሻ ሊጣመም ያልቻለው ይህ ሆነ፦

«ማጠቃለያው እስከ ስንተኛው ገጽ ድረስ እንደተጻፈ በራስጌው ላይ ይመዝገብ። ማጠቃለያውን ከማንበብህ በፊት የማኅደሩን የመጨረሻ ገጽ ቁጥር ተመልከት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ በማጠቃለያው ሥራ። የማኅደሩ ከበለጠ፣ የበለጡትን ገጾች አንብብ፤ አንብበህም ማጠቃለያውን አድስ።»

ዶክተር ጉሉማ ሲያነበው ፈገግ አለ። ፍጥነቱን አልነካሽብኝም አላት። እውነቱን ነው፤ ድሮ ማኅደሩን ሁሉ ማገላበጥ የነበረበት ሰው አሁን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ብቻ ያነባል። ማጠቃለያው አርጅቶ እንደሆነም ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። መመሪያው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ያለ ሰልፍና ያለ ባንዲራ ተባዛ። የመርማሪ ባለሙያ በሚለው ሥር ደመቀች ፈረመች። ፊርማዋን የወትሮዋን ያህል አላሳጠረችውም፤ ስሟን ከነአባቷ ሙሉውን ጻፈችው።

በኅዳር ከወለጋ ከተሞች የተውጣጡ ነርሶችና የጤና ረዳቶች ለሥልጠና ነቀምቴ መጡ፤ ከደምቢ ዶሎ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ፣ ከጊዳ አያናም ጭምር። በዚያን ጊዜ ከወሎ በድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች በመኪና እየመጡ ይሰፍሩ ስለነበር፣ ከጊዳ አያና የመጡት ፊታቸው በድካም ጠቁሯል። ይህ ነገር ሥራችንን የሚያቀልል ከሆነ ቶሎ አስተምሩን አሉ። ማስተማሩን ዶክተር ጉሉማ ለደመቀች ተወላት። እሷም በአማርኛ ጀምራ፣ አንዳንዱ ሰው ግራ ሲገባው ወደ ኦሮምኛ እየተሻገረች፣ አንቀጹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስረዳች። ኩማ አጠገቧ ሆኖ ማኅደሩን እያገላበጠ ያሳያል። የድርቤን ታሪክ የተናገረው እሱ ነው። ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም፤ አሁን ሴትዮዋ በእንክብሉ ደህና መሆኗን፣ በየወሩ ስትመጣ ራሷ ገጼን ቁጠሩልኝ እንደምትል ሲጨምር ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ጥያቄ ካለ ስትል፣ ከሻምቡ የመጣች የሺወርቅ የምትባል ወጣት ነርስ እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ» አለች። «እኛ ዘንድ የአክታ ምርመራ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚላከው። ውጤቱ ሲመጣ አዲስ ገጽ ላይ አንጽፈውም፤ ማዘዣው ባለበት በድሮው ገጽ ላይ እንለጥፈዋለን። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ገጽ ቁጥር አይለወጥም። ማጠቃለያው ግን አርጅቷል።»

ደመቀች ሰሌዳውን አየች። ክረምቱን ሙሉ የደከመችበት አንቀጽ እዚያ ተጽፏል፤ ሊጣመም አይችልም ያለችው። ልጅቷ ግን አላጣመመችውም፤ ከጎኑ አለፈችው። የደመቀች ፊት ጋለ። ዶክተር ጉሉማ ከጥግ ሆኖ ያያታል፤ ምን እንደሚሰማት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ሙቀቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት። ይህች ልጅ መመሪያው ከበላይ ስለመጣ፣ ማኅተም ስላለበት፣ ዝም ብላ አልተቀበለችም። ሻምቡ ያለውን የራሷን ጠረጴዛ አሰበች፣ የራሷን በሽተኛ አሰበች፣ እጇን አወጣች። ደመቀች አዳራሽ ውስጥ ቆማ የተናገረች ቀን እንኳ ደረቷ እንዲህ አልሞላም ነበር።

«የሺወርቅ፣ ትክክል ነሽ» አለች። «እኔ አላየሁትም። ምን ይደረግ ትያለሽ?»

የሺወርቅ ደነገጠች፤ መልስ እጠየቃለሁ ብላ አልመጣችም። ወደ ኩማ አየች፤ እሱ ራሱን ነቅንቆ አበረታታት። በድሮ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ነገር ካለ፣ መለጠፉ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ይሻላል መሰለኝ አለች። ከጊምቢ የመጣ አንድ ረዳት፣ የለም፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ከሆነ አሁንም ቁጥሩ ያው ነው፣ አዲስ ገጽ ይከፈትለት አለ። ከጊዳ አያና የመጡት ወረቀት ከየት ይመጣል ብለው ተነሱ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ላይ ይንጫጫ ጀመር። ደመቀች ከሰሌዳው ፈቀቅ አለች።

«ነይ» አለች፣ ጠመኔውን ለየሺወርቅ እየዘረጋች። «አንቺ ጻፊው። እኛ እናያለን።»